የአንድ ገበሬ ዘር እንዴት ይፈለጋል? የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ቤተሰቦች በ19ኛው መቶ ዘመን

በሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ደብረ ታቦር ስትነሣ ራስ ጉግሣ፣ ራስ ዓሊና ዐፄ ቴዎድሮስ አብረው ይነሣሉ። ጋፋት ስትነሣ «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ ይነሣል። ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት በኩል ጨጨሆን አልፎ መቅደላ እስኪደርስ ድረስ ስለ ተጎተተበት ጉዞ ብዙ ተጽፏል። ገመዱን የጎተተው፣ መንገዱን የጠረገው፣ ሠራዊቱ ሲያልፍ ጎተራው የተራቆተው ገበሬ ግን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስም የለውም። የዛሬው ርእሴ ስለ እርሱ ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በዚህ አገር የኖረ አንድ ተራ ገበሬ ከማን ተወለደ፣ ማንን ወለደ፣ ከማን ጋር ተጋባ የሚለውን ዛሬ ተነሥቶ የሚፈልግ ሰው ምን መንገድ አለው?

ነገሩን ለማየት እንዲመቸን አንድ ባለታሪክ እናስብ። ስም አልሰጠውም፤ ለብዙዎች ቅድመ አያት ሊሆን የሚችል ሰው ነውና። ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅ ባለው ደጋ፣ ወይም ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ አፋፍ፣ በ1830 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ እንበል። ደጃዝማች ውቤና ራስ ዓሊ በደብረ ታቦር በ1834 ዓ.ም. ሲዋጉ ሕፃን ነበር። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ለጋ ጎልማሳ ነበር። መቅደላ ስትወድቅ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ልጆች ወልዷል። ክፉ ቀን ሲመጣ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። ትውልዱን ከአባት ወደ ልጅ በአማካይ ሠላሳ አምስት ዓመት ብንሰጠው፣ የልጅ ልጁ ልጅ በ1935 ዓ.ም. ገደማ ይወለዳል ማለት ነው። ያ ሰው ዛሬ ሰማንያን ተሻግሮ በመካከላችን አለ። ስለዚህ ባለታሪካችን የሚመስለንን ያህል ሩቅ አይደለም። ከእርሱ የሚለየን የሁለት ሰዎች ዕድሜ ብቻ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚመልሱ በማነጻጸር ልጀምር። በአሜሪካ አንድ ሰው በ19ኛው መቶ ዘመን ገበሬ የነበረውን ቅድመ አያቱን ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወረቀት ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1790 ተጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. እስከ 1840 ድረስ በስም የሚጻፈው የቤቱ ራስ ብቻ ሲሆን፣ ከ1850 ጀምሮ ግን ነጻ የሆነ ሰው ሁሉ በስሙ፣ በዕድሜውና በትውልድ ቦታው ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት የእርሻ ቆጠራም ተጨምሮ የገበሬው መሬት፣ ከብትና ምርት ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣው የመሬት ዕደላ ሕግ መሠረት 160 ኤከር መሬት የወሰደ ሰው፣ አምስት ዓመት ኖሮበት ማልማቱን በምስክር ማረጋገጥ ነበረበት። የምስክሮቹ ቃል እስከ ዛሬ በመዝገብ ቤት ይገኛል።

ይህን ሰምተን «እኛ ምንም የለንም» ብለን እንዳንቆዝም ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ወረቀትም ይጠፋል፤ እ.ኤ.አ. የ1890ው የአሜሪካ ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1921 በዋሽንግተን በተነሣ ቃጠሎ አብዛኛው ወድሟል ወይም ክፉኛ ተጎድቷል። ሁለተኛ፣ ወረቀትም ያዳላል፤ እ.ኤ.አ. በ1850ና በ1860 በባርነት ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የተመዘገቡት በጌታቸው ስም ሥር፣ በስማቸው ሳይሆን በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ነበር። አብዛኞቹ በስማቸው የተጻፉት እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። ስለዚህ መዝገብ ያለው አገርም ቢሆን መጠየቅ ያለበት «ምን ተጻፈ?» ብቻ ሳይሆን «ለምን ተጻፈ፣ ማንስ ቀረ?» የሚለውን ጭምር ነው። ይህንኑ ጥያቄ ወደ ራሳችን አገር ይዘን እንምጣ።

የእኛ መዝገብ ርስት ነበር

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንዲሁም በቀረው በጌምድርና በጎጃም፣ የገበሬን የዘር ሐረግ ሲጠብቅ የኖረው መንግሥት አልነበረም፤ ርስት ነው። ርስት ማለት አንድ ሰው ከመሬቱ የመጀመሪያ ያዥ፣ ማለትም ከአቅኚው አባት፣ በመወለዱ ብቻ የሚያገኘው የመሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት ነው። ይህ መብት ሁለት ጠባዮች ነበሩት። በአባትም በእናትም በኩል ይተላለፋል፤ ወንድም ሴትም ይወርሱታል። ደግሞም በጊዜ ርዝመት አይሻርም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል ጌጥ ሳይሆን የሕግ ደንብ ነበር።

ከነዚህ ሁለት ጠባዮች አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ገበሬው መሬት ለመጠየቅ ወደ ሽማግሌ ወይም ወደ ዳኛ ሲቀርብ፣ በእጁ መያዝ ያለበት ወረቀት ሳይሆን ቆጠራ ነው። ከአቅኚው አባት ጀምሮ «እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች» እያለ እስከ ራሱ መውረድ ነበረበት። ተከራካሪው እያንዳንዷን ደረጃ እየተከተለ «እርሷ ሳትወልድ ነው የሞተችው»፣ «እርሱ የእንጀራ ልጅ ነው» እያለ ይሰብራል። ምስክር ይጠራል፤ ዋስ ይቆማል። በ«በላ ልበልሃ» ሙግት አንደበቱ የሰላ፣ ቆጠራውም የጸና ያሸንፋል። ስለዚህ አንድ የስማዳ ገበሬ የስምንት ትውልድ ስም በቃሉ ሲያወርድ የምናየው ያለፈውን ለማድነቅ ተቀምጦ ስላጠና አይደለም። ያን ስም ቢረሳ ማሳውን ያጣ ስለ ነበር ነው።

የርስትን አሠራር በጥልቀት ካጠኑት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው አለን ሆበን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ በጎጃም ዳሞት ባደረገው የመስክ ጥናት ላይ የተመሠረተ ነው። ሆበን ካሳያቸው ነገሮች ሁሉ ለዛሬው ርእሳችን የሚጠቅመው ይህ ነው፤ አንድ ገበሬ በአባቱም በእናቱም በኩል በብዙ አቅኚ አባቶች መሬት ላይ መብት ቢኖረውም፣ ሁሉንም አያነሣም። ሊያሸንፍበት የሚችለውን፣ ለመኖሪያው የሚቀርበውን፣ ዘመድ የሚያግዘውን መርጦ ያነሣል። የተነሣው መስመር ይታወሳል፤ ያልተነሣው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። እኛ ዛሬ ከአረጋዊ አፍ የምንቀዳው የዘር ሐረግ እንግዲህ የቤተሰቡ ሙሉ ሥዕል ሳይሆን፣ በሙግት የተመረጠ ክፍሉ ነው። አባቶቻችን ይህን ዐውቀው «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ብለው ተርተዋል።

የዚህ ዕውቀት ሥራ አንድ ቀን ቆመ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። ጭሰኛ ለነበረው የአገራችን ገበሬ ያ አዋጅ ነጻነት ነው፤ ይህን ማንም ሊያሳንሰው አይችልም። በእኛ አካባቢ ግን አብሮት የመጣ ጸጥ ያለ ለውጥ አለ። በዘር ቆጥሮ መሬት መጠየቅ ሲቀር፣ ዘር መቁጠርም አስፈላጊነቱን አጣ። በኋላም በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ምዝገባ ሲጀምር፣ በደብተሩ ላይ የተጻፈው የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ እንጂ የአቅኚው አባት ስም አይደለም። ለባልና ሚስት እኩል መብት ትልቅ እርምጃ ነው። ለዘር ሐረግ ፈላጊ ግን ደብተሩ ከዛሬው ባለይዞታ ወደ ኋላ አያሻግርም።

እስኪ ሂሳቡን አብረን እናስላ። በ1967 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመት ሆኖት በርስት ሙግት ቆሞ የተከራከረ ሰው ዛሬ ሰማንያ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በታች ያለው ሰው ቆጠራውን ሰምቶ ይሆናል፤ ቆሞ አልተከራከረበትም። ስለዚህ ሙግት ያሳለው ዕውቀት ያላቸው የመጨረሻዎቹ ሰዎች ዛሬ ያሉት አረጋውያን ናቸው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ምክንያት ይህ ነው።

ጋብቻና ቤተ ክርስቲያን ያቆዩት

ርስት ብቻውን አልነበረም። ዘር ከሚቆጠርባቸው ምክንያቶች ሁለተኛው ጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡም የሚለው ደንብ፣ ሽማግሌዎች ከመተጫጨት በፊት ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን እንዲቆጥሩ ያስገድዳቸው ነበር። የዘመድ ስሞቻችንም ለዚህ የተበጁ ናቸው፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ምንዝላት፣ እንጅላት እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። አንድ ሰው ወደ ላይ ሰባት ደረጃ ቢቆጥር በሰባተኛው ላይ ብቻ 128 ወላጆች ይኖሩታል። ማንም ይህን ሁሉ በቃሉ አይዝም። ሆኖም የጋብቻ ቆጠራ ከርስት ቆጠራ የሚለይበት ጥቅም አለው፤ መሬት ያላመጣችውን አያትም ይቆጥራል። በሙግት የተረሳችው ሴት በጋብቻ ሽምግልና ላይ ትነሣለች። ደግሞም ይህ ደንብ በ1967 ዓ.ም. አልተሻረም። እየላላ ቢሄድም አሁንም ይሠራል።

እዚህ ላይ ከአሜሪካው ገበሬ የምንሻልበት አንድ ነገር አለ። አሜሪካዊቷ ስታገባ የባሏን የቤተሰብ ስም ስለምትይዝ፣ የትውልድ ቤቷን ስም ማግኘት ለፈላጊው ትልቅ ራስ ምታት ነው። የእኛ ሴት ግን አግብታም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። ስሟ አንዴ ከተገኘ አባቷ አብሮ ይገኛል። ችግራችን ሌላ ነው፤ የቤተሰብ ስም ስለሌለን ሐረጉ በየሁለት ትውልዱ ይቆረጣል። የአያቱን አባት ስም ያልሰማ ልጅ ከራሱ ስም ተነሥቶ ሊደርስበት አይችልም።

ሦስተኛው ጠባቂ ቤተ ክርስቲያን ናት። ባለታሪካችን ሁለት ስም ነበረው። በዓለም ስሙ ያርሳል፣ ይሟገታል፣ ይዘምታል። በክርስትና ስሙ ይቆርባል፣ ይፈታል፣ ተዝካሩ ይወጣል። የዓለም ስሙን ጎረቤት ያውቃል፤ የክርስትና ስሙን የንስሐ አባቱ። አንድ ሰው በሁለት ስም በሁለት ቦታ ስለሚገኝ፣ ፈላጊው ሁለቱን ካላጋጠመ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ይቆጥራል። የዓለም ስም ራሱም ምስክር ነው። «ካሳ»፣ «ምትኩ»፣ «ማስረሻ» የሚሉ ስሞች ብዙ ጊዜ ከልጁ በፊት የሞተ ወንድም ወይም እኅት እንደ ነበረ ይነግሩናል። በየትኛውም ቆጠራ ውስጥ የማይገባ ሕፃን በወንድሙ ስም ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል።

ወረቀቱ የት አለ?

ይህን ስል ወረቀት ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። ቦታው ግን መዝገብ ቤት ሳይሆን የብራና መጽሐፍ ኅዳግ ነው። በጎንደር ዘመንና ከዚያም በኋላ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ውርስና የሙግት ፍጻሜ በወንጌልና በሌሎች የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። ጽሑፉ የገዢውንና የሻጩን ስም፣ ዋጋውን፣ የምስክሮቹን ስም፣ በዘመኑ የነበሩትን ሹማምንት ይዘረዝራል። ዶናልድ ክራሚ እነዚህን ጽሑፎች ሰብስቦ ለረጅም ዓመታት ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው መጽሐፉ የኢትዮጵያን የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ ጽፎባቸዋል። ሴቶች መሬት ሲሸጡ፣ ሲገዙና ሲያወርሱ በሰነዶቹ ውስጥ በጉልህ እንደሚገኙም አሳይቷል።

ለእኛ አካባቢ ይህ ምን ማለት ነው? ማኅደረ ማርያምን የመሰሉ ጥንታውያን አድባራት፣ በድጓ ማስመስከሪያነቷ የታወቀችው የጋይንት ቤተልሔም፣ በዝማሬና መዋሥዕት የታወቀችው ዙር አባ በአቅራቢያችን አሉ። የሰነዶቹ ዋና ባለጉዳዮች አብዛኛውን ጊዜ መኳንንትና ካህናት ናቸው። ገበሬው የሚገኘው በጎን ነው፤ እንደ ምስክር፣ እንደ ዋስ፣ እንደ አዋሳኝ፣ አንዳንዴም እንደ ሻጭ። የምስክሮች ዝርዝር ለነገሥታት ታሪክ ጸሐፊ የሚዘለል ገጽ ሊሆን ይችላል። ለቤተሰብ ታሪክ ፈላጊ ግን ዋናው ገጽ እርሱ ነው።

ከነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ በቦታቸው የሉም። ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲዘርፉ ከአድባራቱ ያወጧቸው መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጓዙ። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ክምችት ወደ 350 የሚጠጉትን ወደ ለንደን ወሰደ፤ ዛሬ በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከዚያ ቀደም አንቷን ዳባዲ በአገራችን ያሰባሰባቸው መጻሕፍት በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአዲስ አበባና በሚኒሶታ ትብብር በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ደግሞ አሉ። የአንድ ጎንደሬ ባለርስት ስም በለንደን መደርደሪያ ላይ መገኘቱ አስገራሚ ቢመስልም፣ መንገዱ ይህ ነው።

ቆጠራውን መፈተን

አሁን ወደ ዘዴው ልምጣ። በጽሑፍም በቃልም የተገኘን የዘር ሐረግ እንዴት እንፈትናለን?

የመጀመሪያው ፈተና የጊዜ ሂሳብ ነው። አንድ አረጋዊ አቅኚ አባታቸውን በዐፄ ፋሲል ዘመን አድርገው፣ በ1890 ዓ.ም. የተወለዱት አባታቸው ድረስ ስድስት ደረጃ ብቻ ቢቆጥሩ፣ 260 ዓመት ያህል በስድስት ተከፈለ ማለት ነው። እያንዳንዱ አባት ልጁን በአማካይ ከአርባ ዓመቱ በኋላ ወለደ እንደ ማለት ይሆናል። ይህ በአንድ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ስድስት ጊዜ በተከታታይ ግን አይመስልም። ምናልባት በመካከል ስሞች ወድቀዋል። የሚወድቁት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ሳይሆኑ የመካከለኞቹ ናቸው።

ሁለተኛው ፈተና ስሙን ከማሳው ጋር ማያያዝ ነው። «አያትዎ ማን ነበሩ?» ከማለት «ይህን ማሳ ለአባትዎ ያመጣላቸው ማን ነው?» ማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል። ማሳ ስም አለው፤ ስሙም ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ስም ይበልጥ ዕድሜ አለው።

ሦስተኛው ፈተና ዘመኑን በታላላቅ ክስተቶች መቸንከር ነው። ገበሬው ዓመተ ምሕረት አይቆጥርም ነበር፤ ዘመን ግን ይቆጥራል። «አባቴ ድርቡሽ ጎንደር ሲገባ ተወለደ» የሚል ሰው ጥር 1880 ዓ.ም. አለን ማለቱ ነው። «አጎቴ መተማ ቀረ» የሚል ዐፄ ዮሐንስ ከወደቁበት መጋቢት 1881 ዓ.ም. ጋር ያገናኘናል። «ዓድዋ ዘመተ» ቢል የካቲት 1888 ዓ.ም. ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን ክፉ ቀን ነው። ጣሊያኖች ከሕንድ ወደ ምጽዋ ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው የከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. ተነሥቶ የአገሪቱን ከብት በአብዛኛው ፈጀ። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም። ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት፤ ረኀቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። በዚያ ጊዜ ቤት ሙሉ ሰው አለቀ፤ የተረፈው ተሰደደ፤ ወላጅ ያጣውን ልጅ ዘመድ ወይም ጎረቤት አሳደገ። ስለዚህ በ1880ዎቹ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም የዘር ሐረግ በጥንቃቄ መታየት አለበት። «ልጁ ነው» የተባለው ያሳደገው፣ «ወንድሙ ነው» የተባለው አብሮት የተረፈው ሊሆን ይችላል። ይህ ለቤተሰቡ የሚያሳፍር አይደለም። በዚያ ክፉ ዘመን ሰው ሰውን እንዳልጣለ የሚመሰክር ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበረታው ፈተና ባላንጣን መጠየቅ ነው። ሁለት ቤተሰቦች ለአንድ ማሳ ለሁለት ትውልድ ሲሟገቱ ቆይተው ከሆነ፣ እያንዳንዱ የራሱን ቆጠራ ይነግረናል። በሚለያዩበት ቦታ ሁለቱም ጥቅም አላቸው። በሚስማሙበት ቦታ ግን፣ የሌላው ወገን ቢችል ኖሮ ይክደው የነበረውን ነገር አምኗል ማለት ነው። የባላንጣዎች ስምምነት ከአሥር የወዳጅ ምስክር ይበልጣል። አንድን ቤተሰብ ብቻ ጠይቆ የሚመለስ ተመራማሪ ግማሹን መዝገብ ትቶ እንደ ተመለሰ ይቁጠረው።

ያልተቆጠሩት

ክቡራንና ክቡራት፣ የአሜሪካውን መዝገብ «ማንን ተወ?» ብለን ጠይቀናል። የእኛንም መጠየቅ ግዴታችን ነው። ዘር መቁጠር ለባለርስት ክብር ሲሆን፣ ርስት ለሌለው መገለያ ነበር። በሸማ፣ በብረትና በሸክላ ሥራ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ቡዳ» እየተባሉ ከጋብቻም ከቆጠራም ተገልለዋል፤ የሠሩት ማረሻ ግን የባለርስቱን ማሳ ሁሉ አርሷል። በባርነት የኖሩ ሰዎች፣ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከተሻረ በኋላም፣ ልጆቻቸው «ዘሩ አይታወቅም» በሚል ቃል ሲሰደቡ ኖረዋል። ታሪክ ተመራማሪው ሀብታሙ መንግሥቴ በምሥራቅ ጎጃም ሰነዶች ላይ ባደረገው ጥናት «ዜጋ» የሚባሉ፣ የራሳቸው ርስት ያልነበራቸውና ለባለመሬት የተገዙ ሰዎች እንደ ነበሩ አሳይቷል። ሁሉም ገበሬ እኩል ባለርስት ነበር የሚለው ሥዕል በሰነድ ሲፈተን አይጸናም።

ከዚህ የምማረው ይህን ነው። «ዘሩ አይታወቅም» የሚባል ሰው ዘር የሌለው ሰው አይደለም፤ ሌላው ሊቆጥርለት ያልፈቀደ ሰው ነው። የቤተሰብ ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች ባለርስቱ የነገረንን ብቻ ብንገለብጥ፣ የድሮውን ፍርድ በአዲስ ቀለም እንደገና እንጽፈዋለን። ዘር መቁጠርን ለመናናቅና ለመለያየት የሚያውለው ደግሞ የሙያውን መሠረታዊ ትምህርት አልተረዳም። በሰባተኛው ደረጃ 128 ወላጅ ያለው ሰው፣ ሁሉንም ቢያውቃቸው ኖሮ፣ ከስንቱ ወገን እንደ ተወለደ ሲያይ «የኔ ዘር» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ይናገረው ነበር። ባለታሪካችን ከወሎ የመጣች እናት፣ ከጎጃም የተሻገረ አያት፣ ድጓ ሊማር ቤተልሔም መጥቶ በዚያው አግብቶ የቀረ ቅም አያት ሊኖረው ይችላል። ቤተልሔምና ዙር አባ ለብዙ ዘመናት ከሩቅ አገር ተማሪ ሲቀበሉ የኖሩ ጉባኤዎች ናቸውና።

አሁን ምን እናድርግ?

ምሳሌ አድርጌ የማነሣው አንድ ሥራ አለ። ደራሲው መንግሥቱ ለማ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በድምፅ መቅረጫ ቀድቶ፣ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» በሚል ርእስ አሳትሞታል። አለቃ ለማ ገበሬ ሳይሆኑ ሊቅ ናቸው። ዘዴው ግን ለገበሬም ይሠራል፤ አንድ ልጅ፣ አንድ መቅረጫና የአባትን አነጋገር ሳያስተካክሉ የመያዝ ትዕግሥት። በ1950ዎቹ መቅረጫ ብርቅ ነበር። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ያለ ተማሪ ሁሉ በኪሱ ይዞታል።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ለእረፍት ወደ ንፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ስትመለሱ በቤታችሁ ካሉት ትልቅ ሰው ጎን ተቀመጡ። ሴት አያትን አስቀድሙ፤ የጋብቻውን ቆጠራ የያዘችው ብዙ ጊዜ እርሷ ናት። የአባትንም የእናትንም ወገን ጠይቁ። የማሳውን ስም፣ የተዝካሩን ደብር፣ የክርስትናውን ስም ጻፉ። ማን እንደ ነገራችሁና መቼ እንደ ነገራችሁ ሁልጊዜ አስፍሩ። የሚጣሉ ቃሎችን አታስታርቁ፤ ሁለቱንም እንደ ተነገሩ አስቀምጡ። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለማንም አታሳዩ፤ የጥንት ጠብ እንዳይቀሰቅስ፣ የማንም ክብር እንዳይነካ ጠብቁ። በቤተ ክርስቲያን ያለ የብራና መጽሐፍ ካያችሁ አትንኩ፤ ካህናቱን አስፈቅዳችሁ፣ ከፈቀዱም የኅዳጉን ጽሑፍ ፎቶ ብቻ አንሡ። መጽሐፉ ከቦታው እንዳይነሣ መጠበቅ የምርምሩ አካል ነው።

ለአባቶችና ለእናቶችም አንድ ቃል አለኝ። ርስት ከቀረ ወዲህ ልጆቻችሁ አልጠየቋችሁ ይሆናል፤ እናንተም «ለምን ይጠቅማቸዋል?» ብላችሁ ዝም ብላችሁ ይሆናል። መሬት አያስገኝም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ዛሬ በልጅ ልጃችሁ ፊት የምታወርዱት ቆጠራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሳ ለማሸነፍ ሳይሆን እውነቱን ለማስቀመጥ የሚነገር ይሆናል። በሙግት ጊዜ የዘለላችኋትን አያት ዛሬ ያለ ስጋት መጥራት ትችላላችሁ፤ በክፉ ቀን አሳድጋችሁ «ልጃችን» ያላችሁትንም እንዲሁ።

መድፉን በጨጨሆ የጎተተው ሰው ስም በየትኛውም ዜና መዋዕል የለም። የልጅ ልጁ ልጅ ግን በሕይወት አለ፤ ስሙንም ያውቃል። የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነው የጎደለው።